ሁለት ማንኪያ

ጠባሴ ማዶ ነው፣ እህል ሲከማችበት የኖረ ቤት፤
ዛሬም ግድግዳው ጎተራ ጎተራ ይሸታል፣ ብረት ተደርድሮበት።
ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ
እንኳን ሰውን ብረትን የሚያርድ፣
መዳፍ ከዘንጉ ሲላቀቅ ቆዳ ይዞ የሚሄድ።

እኔ በር ከፋች ነኝ፣ ጠራጊ፣ ደግሞም ጸሐፊ፤
ስንት እንዳነሱ መዝጋቢ፣ ወር ላልከፈለ ለፍላፊ።
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሬ፣ ማባዣ ከጀርባው ያለ፣
አይዋሽም እል ነበር፤ ኋላ ነው የተንገዋለለ።

ነገሩን ያመጣው ሽመክት ነው።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤
እቁብ ደርሶት አዲስ አበባ ወርዶ፣ ሰባት ሺህ ብር ከስክሶ፣
ጥቁር ጣሳ ታቅፎ መጣ፣ እንደ አራስ ልጅ ጋቢ አልብሶ፤
ላዩ ላይ አንገት የሌለው ሰው፣ ክንዱ የኔን ጭን ያክላል።

«ፕሮቲን ነው» አለን፣ «ክሬቲንም አለበት፣
በቀን ሁለት ማንኪያ፣ በወተት።
ሦስት ወር ስጡኝ፣ ይህን በር በጎን ነው የምገባበት።»

ማንያዘዋል ሳቀ። ኩንታል ተሸካሚ ነው፣
ቀኑን ከአይሱዙ ገብስ ሲያወርድ ውሎ፣ ማታ ብረት የሚያምረው።
«የኔ ዱቄት» አለ፣ «ሽሮ ነው፣ አሹቅ ነው፤
እሑድ ከተገኘ፣ ሁለት እንቁላል ነው።»

ጻፍኩ።
ጥቅምት አምስት፦ ሽመክት ሰባ፤ ማንያዘዋል ሰማንያ አምስት።
ኅዳር አምስት፦ ሽመክት ሰባ አምስት፤ ማንያዘዋል ያው፣ ሰማንያ አምስት።
ይረዳል ማለት ነው አልኩ፤ ብዙ እንኳ ባይሆን፣ ጥቂት።

የነቢያት ጾም ገባ። «ከወተት የወጣ አይደል?» ብለው ቢጠይቁት
«መድኃኒት ነው» አለ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ «መድኃኒት።»

ኅዳር ሃያ ማታ፣ ብቻዬን ስጠርግ፣ ክርኔ መታው፤
ጣሳው ተደፋ። ግማሹ ቀርቶ የነበረው
እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ሊጥ ሆነ፣ መጥረጊያ የማያነሳው።
ደሞዜ ሦስት ሺህ ነው። እሱም ሲከፈል ነው።

ቤቴ ሮጥኩ። ለስንቄ ያስፈጨሁት የነጭ ገብስ በሶ ነበረኝ፤
ጸዳለ ከዳቦ ቤቷ ጠብታ ቫኒላ ሰጠችኝ፣
ለምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ።
ሞላሁት። ክዳኑን ገጠምኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝ።

ታኅሣሥ አምስት፦ ሽመክት ሰማንያ።
ጥር አምስት፦ ሰማንያ ሰባት ተኩል።
«ዱቄቱ!» ሲል ቤቱ ተናጋ እስከ ጣሪያ።
በበሶዬ! ጾሙንም ሳያውቀው ጾመ፣ በኔ ቅጥፈት፤
ጽድቅ ይባል ኃጢአት፣ ለንስሐ አባቴም ገና አልነገርኩት።

ግን በሶው ነው ያነሳው ብል፣ እሱም ሌላ ውሸት፤
ፈረቃው በኅዳር ማለቂያ ወደ ቀን ዞሯል፣ ሌሊት መተኛት ጀምሯል፤
ደግሞስ ሰባት ሺህ ብር የከፈለ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ መቼ ይቀራል?
ደብተሬ ለኪሎ እንጂ ለእንቅልፍ ዓምድ የለው፤
ለተስፋም የለው፣
የሰው ዓይን እያየው ለሚያነሳው።

ትናንት ማንያዘዋል መጣ፣ ትከሻው ላይ ጆንያ የላጠው ቆዳ፤
ሦስት ልጆች አሉት፣ የሁለት ወር የኪራይ ዕዳ።
«አንተ ቁጥሩን ታውቃለህ» አለኝ፣ «እቁብ ልግባ ወይስ ይቅር? ፍረድ።»
አፌን ከፈትኩ። ከበሩ ሥር ገባ ያ ብርድ።

ሽመክትም ደረሰ፣ ባዶውን ጣሳ እያንኳኳ፣ በጎን እየገባ ለቀልድ፦
«ቅዳሜ አብረን እንውረድ፣ ሌላ እንግዛ» አለኝ፤
«ያንኑ ዓይነት ይስጡን ብቻ።
የላይኛው ግማሽ እንኳ አልጣመኝ፣
ከታች ያለው ነው የተስማማኝ፤
ምን እንደጨመሩበት እንጃ፣
አገር አገር ይሸተኛል።»

ማንያዘዋል ዓይኔን ያያል።